አረፍኩ ስል አረፍኩ

መቼም ሰው ስለ ሞት የሚያወራው ሳይሞት ነው። እኔ ግን ሞቼ ነው የማወራችሁ። የሞትኩት ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ፣ በተከራየሁት አፓርታማ ሳሎን ውስጥ፣ ፒጃማዬን እንደለበስኩ ነው። ቀብሬ አልተፈጸመም፤ ድንኳኔ ግን ተተክሎ፣ ወንበሩ ተደርድሮ፣ ንፍሮዬ ተቀቅሎ ነበር። ንፍሮውን እኔም ቀምሼዋለሁ፤ ጨው ያንሰው ነበር።

የሞቴን ምክንያት ለሚጠይቀኝ ሁሉ "ሥራ ነው" እያልኩ አልፋለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን የሞትኩት ሶስናን ላገባ ፈልጌ ነው። ሶስና አዲስ አበባ ተወልዳ ናይሮቢ ያደገች፣ ወሬዋን በአማርኛ ጀምራ፣ በእንግሊዝኛ አሻግራ፣ በስዋሂሊ የምትጨርስ ልጅ ናት። እኔ መሐል ላይ እጠፋለሁ፤ መጥፋቱ ራሱ ደስ ይለኛል። ከእሷ ጋር ተስማምተን ጨርሰናል። የቀሩት አባቷ ነበሩ።

አባቷ ጋሽ ወንድይፍራው ይባላሉ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ የእሳቸውን ያወጣው መልአክ ሥራ አልለገመም። የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ናቸው፤ ቤታቸው የሀብታሞቹ ሰፈር ላቪንግተን ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው። ልጃቸውን ለመጠየቅ ሽማግሌ ልከው የተመለሰባቸው ሁለት ሰዎች አውቃለሁ። አንደኛው አሁን ደርባን ነው ያለው፤ ለምን ያን ያህል እንደራቀ አልነገረንም።

ታዲያ ጋሽ ወንድይፍራው አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሲያማርሩ ሰማኋቸው። ሐዘን በደረሰ ቁጥር አባሉን ሁሉ በስልክ እየደወሉ መጥራት ሰልችቷቸዋል። አንዱ አያነሳም፣ አንዱ ሩንዳ ስብሰባ ላይ ነው፣ አንዱ ደግሞ "ማን ሞተ?" ብሎ ግማሽ ሰዓት ይይዛቸዋል። እኔ በልቤ "ልጄ፣ በርህ ይኸውልህ" አልኩ። በአፌ ደግሞ "ጋሽዬ፣ ይሄማ በኮምፒውተር የሚያልቅ ነገር ነው። እኔ እሠራልዎታለሁ፤ አንድ ጊዜ ሲጫን ለሁሉም የጽሑፍ መልእክት ይሄዳል፤ ድንኳን ተረኛውን፣ ወንበር አመላላሹን ራሱ ይመድባል" አልኳቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና "እስቲ" አሉ። ከእሳቸው አፍ "እስቲ" ማግኘት ቀላል አይደለም።

"እሠራልዎታለሁ" ማለቴ እንግዲህ የአነጋገር ነው። የምሠራው አንድ የውጭ ድርጅት ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ሲሆን ካርዴ ላይ "ፕሮዳክት ማናጀር" ይላል። እናቴ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቃኝ "ምን ይሠራ የሚለውን የምወስን ሰው ነኝ" ብላት "የሚሠራውስ ማነው?" አለችኝ። እናቶች እንዲህ ናቸው። የሚሠራው ኦቲየኖ ነው። ኦቲየኖ የኪሱሙ ልጅ ነው፤ የቢሮ ባልደረባዬም ጓደኛዬም ነው፤ አርክቴክት ነው፣ የቤት ሳይሆን የፕሮግራም። ነገሩን ስነግረው በነጻ ሊሠራልኝ ወዲያው ተስማማ፤ ፍቅር የሚገባው ሰው ነው። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ።

"ሰዎቹ ምን እንደሚፈልጉ አንተ ንገረኝ፣ እኔ መሠረቱን አወጣለሁ። ግን መሠረቱን ካፈሰስኩ በኋላ ምድር ቤት ረስተናል ብትለኝ አልሰማህም።"

የእኛ ሙያ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ወፋፍራም መጽሐፍ ይጽፋሉ፣ ሆቴል ተከራይተው ይሰበሰባሉ። እኔ ልጭመቅላችሁ። "ምን ይሠራ" የሚለው ሰው እና "እንዴት ይቁም" የሚለው ሰው ካልተነጋገሩ ሰው ይሞታል። እኔን ማየት ነው።

የመጀመሪያውን ስብሰባ ያደረግነው ኪሊማኒ እትዬ ጠጂቱ ምግብ ቤት ነው። ጋሽ ወንድይፍራው ከላይ፣ ኦቲየኖ ላፕቶፑን ዘርግቶ ከታች፣ እኔ መሐል ሆኜ አስተርጓሚ። ጋሽዬ እንግሊዝኛ ያውቃሉ፤ ነገር ግን የእድር ጉዳይ በእንግሊዝኛ አይነገርም ባይ ናቸው።

"አንደኛ፣" አሉ፣ "የሟች ስም በስልክ አይነገርም። መርዶ እኮ ነው። 'በእገሌ ቤት ሐዘን አለ፣ ማለዳ እንገናኝ' ይበል፣ ይበቃል። ማን እንደሆነ እዚያው የሚያውቅ ያወራዋል።"

ተረጎምኩ። ኦቲየኖ "ሳዋ"፣ እሺ እንደማለት ነው፣ ብሎ ጻፈ።

"ሁለተኛ፣ 'ሞተ' የሚባል ቃል እንዳላይ። ውሻ ነው የሚሞተው። ሰው አረፈ ነው የሚባለው።"

ኦቲየኖ "አረፈ" የሚለውን በፈረንጅ ፊደል ጻፈው፤ በዚያን ጊዜ ስልኮቻችን የእኛን ፊደል አያውቁም ነበር። እትዬ ጠጂቱ ደግሞ ከወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ ብለው "አርባው ሲደርስ ሰው ይረሳል። የአርባው መልእክት ለብቻው ይሁንልኝ፣ ስሙ ከነአባቱ ይጠራ፣ ያን ጊዜ መርዶ አይደለም" አሉ። የአርባ ዝግጅት የሚታዘዘው እሳቸው ዘንድ ስለሆነ አባባላቸው ገባን። ተረጎምኩ፤ ኦቲየኖ "ለብቻው? ሳዋ" አለ።

ከዚያ የራሱን ጥያቄ አመጣ። "አንድ ሰው አረፈ ተብሎ ከተመዘገበ በኋላ መመለሻ መንገድ ይኑረው? ሰው ሊሳሳት ይችላል።" ይህን ተርጉሜ ሳልጨርስ ሶስና የአባቷን መነጽር ይዛ ገባች። መኪና ውስጥ ረስተውት ኖሯል። ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች። እዚህ ላይ የሆነውን እኔ አላየሁም፤ እኔ ሸሚዙን ነበር የማየው።

የሆነው ይህ ነው። ጋሽ ወንድይፍራው ቅንድባቸውን ከፍ፣ ዓይናቸውን ፈጠጥ አድርገው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። እኔና እናንተ ይህን ትንፋሽ እናውቀዋለን። "አዎ፣ እንዴታ" ማለት ነው። በዓለም ላይ አየር በመዋጥ የሚስማማ ሕዝብ እኛ ብቻ እንሁን አንሁን አላውቅም፤ ኦቲየኖ ግን በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። እሱ ያየው አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ሙት ሊያስነሣ ነው ብለው ትንፋሻቸው ቁርጥ ሲል ነው። አንገቱን ሰበረ፣ "ፖሌ ሳና፣ ምዜ" ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከዚያም ላፕቶፑ ላይ "መመለሻ የለም፣ በጭራሽ" ብሎ ጻፈ። ጋሽዬም ልጁ ትሑት ነው ብለው ወደዱት። ስብሰባው በታላቅ መግባባት ተጠናቀቀ።

ፕሮግራሙ ተሠራ፤ ሠራም። አንድ ክርስትና፣ አንድ ሐዘን፣ አንድ ምርቃት በሰላም አስተናገደ። ጋሽ ወንድይፍራው እሑድ እሑድ ሰላምታዬን በሁለት እጃቸው መቀበል ጀመሩ። ሶስና "ባቢ ስላንተ በስምህ ማውራት ጀምሯል" አለችኝ፤ ከዚያ በፊት "ያ ልጅ" ነበርኩ። አንድ ሳምንት ዕረፍት ወጥቼ፣ ሽማግሌዎቼን አነጋግሬ፣ ሱፌን አሰፍቼ፣ ልልክ ነው።

በዚህ መሐል አባላቱ አንድ ነገር ጠየቁ። አብዛኛው ሰው የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ፊልድ ይወጣል፣ ዕረፍት ይወጣል። ኮምፒውተሩ ግን ሞምባሳ ባሕር ዳር የተጋደመውን ሰውዬ "ድንኳን ተረኛ ነህ" ይለዋል። ስለዚህ ዕረፍት ላይ ያለ ሰው እንዳይመደብ ተወሰነ። ማን ወሰነ? እኔ። የት? ማታቱ፣ የናይሮቢ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ። ሙዚቃው መስኮቱን እያንቀጠቀጠው ለኦቲየኖ ደወልኩ።

"ሰው ሥራውን ትቶ እግሩን ሲዘረጋ ተረኛ እንዳይሆን አድርግልኝ" አልኩት እየጮህኩ።

"እግሩን የዘረጋ ሰው በአማርኛ ምን ይባላል?"

"አረፈ ይባላል።"

"አረፈማ አለ እኮ። እሱም ተረኛ አይሆንም።"

"አለ? ያው ከሆነ ቃሉ፣ በቃ እሱን ተጠቀምበት።"

"በጣም ጥሩ። አንድን ነገር ሁለት ቦታ መጻፍ የሰነፍ ሥራ ነው" አለኝ። ሁለታችንም ሥራ በመቀነሳችን ተደስተን ስልኩን ዘጋን። እኔ በሙያዬ ከዚያ ስልክ የበለጠ አጭርና ግልጽ ስብሰባ አድርጌ አላውቅም።

ዕረፍቴ የሚጀምርበት ዋዜማ ከቢሮ ከመውጣቴ በፊት ኮምፒውተሩን ከፍቼ ከስሜ ፊት "አረፈ" የሚለውን ጫንኩ። "እርግጠኛ ነህ? ይህ ውሳኔ አይመለስም" የሚል ጽሑፍ መጣ። የዕረፍት ፈቃድ ጉዳይ መስሎኝ "ማን ሊመለስ ፈልጎ" ብዬ ደገምኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እፎይ ብዬ ተኝቼ አላውቅም።

ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጋሽ ተሰማ፣ ከአየር መንገድ ጡረታ የወጡት ትልቁ የእድራችን ሰው፣ ፊት ቆመዋል። ከኋላቸው እትዬ ጠጂቱ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው። ከእሳቸው ኋላ ደረጃው ሙሉ ሰው። በመስኮት ቁልቁል ሳይ የሕንጻው አስካሪ፣ ዘበኛው ማለት ነው፣ የመኪና ማቆሚያው ላይ ለድንኳን ምሰሶ ቦታ ያሳያል። አንድ በአንድ እየገቡ፣ ግንባሬን እየሳሙ፣ ዝም ብለው ተቀመጡ።

ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ይህን አይቶ ምን እንደመጣበት አይስተውም።

"ማን ነው?" አልኩ።

"ተቀመጥ ልጄ" አሉ ጋሽ ተሰማ።

"ማን ነው፣ ንገሩኝ።"

"ቁርስ ቀምሰሃል?"

ስለ ቁርስ ከጠየቁማ የቅርብ ሰው ነው። በኋላ እንደተረዳሁት ጋሽ ተሰማ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። የደረሳቸው መልእክት "በእገሌ ቤት ሐዘን አለ፣ ማለዳ እንገናኝ" ይላል፤ እገሌ እኔ ነኝ፣ የሟች ስም ደግሞ በስልክ አይነገርም። እትዬ ጠጂቱ፣ ጋሽ ተሰማ ያውቃሉ ብለው መጡ። ጋሽ ተሰማ፣ እትዬ ጠጂቱ ያውቃሉ ብለው መጡ። ሌላው ሁሉ ሁለቱ ያውቃሉ ብሎ መጣ። ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። እኔን ኮምፒውተሩ አልነገረኝም፤ መልእክቱ ለአረፈ ሰው እንዳይሄድ ተደርጎ ነው የተሠራው። አሳቢ ፕሮግራም ነበር።

እኔም ጭንቀቱን አልቻልኩትም። "እናቴ ናት" ብዬ ጮህኩ። ይህን ብቻ ነበር ቤቱ የሚጠብቀው። "እናቱ ናቸው ለካ" የሚል ሹክሹክታ ከሳሎን ወደ ደረጃ፣ ከደረጃ ወደ ድንኳን ወረደ፤ ከታች ዋይታው ወደ ላይ ተመለሰ። ዋይታውን ስሰማ እኔም እርግጠኛ ሆንኩ። እትዬ ጠጂቱ እናቴን አይተዋት አያውቁም፤ ግን በሙሾ አሞገሷት፤ ደግነቷን፣ የእጇን ሙያ፣ ቁመቷን ሳይቀር። እናቴ አጭር ናት። በዚያ ሰዓት ማን ያርማል። ደረቴን እየመታሁ አለቀስኩ፤ እውነተኛ ለቅሶ ነው ያለቀስኩት።

ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት።

"ቤትህ ሐዘን አለ ብላ አንዷ ከዚያ ደውላ ለጎረቤት ነገረች" አለችኝ። "ማን ሞተብህ ልጄ?"

"አንቺ" አልኳት።

"እኔ? ማን ነገረህ?" አለች።

"እዚህ ሁሉም ያውቃል።"

"እኔ ግን ደህና ነኝ ልጄ። ጉንፋን ብቻ ነው ያለብኝ።"

እናቴ በሕይወት መኖሯን ለለቀስተኛው ሳበስር የጠበቅኩትን ያህል እልልታ አልነበረም። ሰው ደክሞታል፤ ሙሾ ወርዷል። "እንግዲያስ አጎቱ ይሆናሉ" አለ አንዱ። አጎቴ ጋ ተደወለ፤ ደህና ናቸው። አክስቴ ጋ ተደወለ፤ ደህና ናት፣ እንዲያውም የእናቴን መርዶ ሰምታ ጥቁር እየለበሰች ነው። በዘመዶቼ ላይ እየዞርን ጤና ባገኘን ቁጥር ቤቱ እየተከፋ ሄደ። ይህን ሁሉ ሰው ያለ ሟች ማስቀመጥ ለካ ያሳፍራል።

በዚህ መሐል ጋሽ ወንድይፍራው ሶስናን አስከትለው ገቡ። ኦቲየኖም ጥቁር ክራቫት አስሮ፣ ላፕቶፑን በትከሻው አንግቶ ደረሰ፤ ሶስና ናት የደወለችለት። አቅፎ አጽናናኝ። "ማን ነው?" አለኝ ቀስ ብሎ። እንደማላውቅ ስነግረው ላፕቶፑን ከፈተ፣ አየ፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው።

"ወንድሜ፣" አለኝ፣ "የሞትከው አንተ ነህ።"

ሶስና ሳቋ መጣ። አባቷ ዞር ሲሉ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነችው፤ ትከሻዋ ግን ይነቀነቃል። እሷን ያየ ሁሉ እያለቀሰች መስሎት አብሯት አለቀሰ።

ጋሽ ወንድይፍራው ነገሩ ሲገባቸው ለኦቲየኖ "በል መልሰው" አሉት። መተርጎም እንኳ አላስፈለገም።

"አይመለስም፣" አለ ኦቲየኖ። "እርስዎ ነዎት የከለከሉት። መመለሻ ይኑር ወይ ብዬ ስጠይቅዎ እንዲህ ሆኑ።" ብሎ ቅንድቡን ሰቅሎ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ትንፋሹን ሳበ። ጥሩ አድርጎ ነው ያስመሰለው።

"ይሄ አዎ ነው እኮ" አልኩት።

"ይሄ?"

"አዎ አይደል?" ብዬ ወደ ለቀስተኛው ዞርኩ። ሳሎኑ በሙሉ፣ ደረጃ ላይ ያለው ሳይቀር፣ በአንድ ጊዜ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ። ኦቲየኖ አየሩ ያለቀ መስሎት ወደ መስኮቱ አየ።

ጋሽ ወንድይፍራው ግን በሰው ፊት ተነኩ። "ደነገጡ ነው የሚለው?" አሉ። ተነሥተው ቆሙ። "ስሙኝ፣ ሁላችሁም። እኔ ወንድይፍራው ደንግጬ አላውቅም። አንድም ቀን። ይህን ትንፋሽ ከሳብኩ አዎ ብያለሁ ማለት ነው፤ አዎ ካልኩ ደግሞ በእግዜር ፊት አልመለስበትም። ሊቀመንበር ነኝ፤ በዚህ ትንፋሽ ስንት ውል አስሬበታለሁ። ለዚህ ልጅ ተርጉሙለት።" ተረጎምኩለት። ኦቲየኖ በጥንቃቄ ጻፈው።

መመለሻ ይሠራ ሲባል ኦቲየኖ ራሱን ነቀነቀ። ያ ደንብ መሠረቱ ውስጥ ነው፤ የድንኳን ተራው፣ ወንበሩ፣ የሐዘን መልእክቱ ሁሉ እሱ ላይ ቆሟል፤ ቢነካ የሞተው ሁሉ ሊነሣ፣ ሕያው የሆነው ሁሉ ደግሞ ሊሞት ይችላል። "ሀራካ ሀራካ ሃይና ባራካ" አለ፤ ችኮላ በረከት የለውም ማለቱ ነው። እንደ አዲስ አባል ልመዝገብ ብል ስልክ ቁጥሬ የሟች ነው አለኝ። የሰልስቴን መልእክት እንዳይላክ ብቻ አጠፋልኝ። ሌላው ይቆይ፣ መሠረቱን ከሥር አፍርሶ ሲሠራ እነሣለሁ።

ሰው መቼም መልመድ ይችላል። እሑድ ስንገናኝ "እንዴት ሰነበትክ" ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። ድንኳን ተረኛ ስላልሆንኩ የሚቀኑብኝም ነበሩ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ጋሽ ወንድይፍራው ሰላምታቸው ወደ አንድ እጅ፣ ከዚያ ወደ አንገት ንቅናቄ ወረደ። ሶስና የአባቷን ቃል አመጣችልኝ፤ "የገዛ ነፍሱን በገዛ ጣቱ ያጠፋ ሰው የእኔን ልጅ ሊጠብቅ? ሟች አማች የለኝም፤ ሽማግሌ ቢልክ ባዶ እጃቸውን ነው የምመልሳቸው።" ይህን ስትነግረኝ አልሳቀችም። "ኖ ማለት ከጀመረ እኮ እስክንሸብት ኖ ነው" አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የሞትኩት የመሰለኝ።

ቢሆንም ላክሁ። ሳይላክ የቀረ ሽማግሌ እድሜ ልክ ይቆጫል። ጋሽ ተሰማ መሪ፣ እትዬ ጠጂቱ "እኔ የአልቃሽነቴን ልክስ" ብለው ተጨመሩ፣ ሦስተኛ ሰው ጠፋ። ኦቲየኖ "እኔ ገደልኩህ፣ እኔ ልሂድልህ" አለ። ቀኑን የመረጡት ጋሽ ተሰማ ናቸው፤ እኔም ምን ቀን እንደሆነ አላሰላሁም። ሟች አርባውን አይቆጥርም።

እኔ የላቪንግተኑ ግቢ በር ላይ፣ መኪና ውስጥ ነኝ። ሶስና ስልኳን ከእኔ ጋር እንደተገናኘ ሶፋው ትራስ ሥር ሸጉጣልኛለች፤ ለዚሁ ስትል ካርድ በደንብ ሞልታለች። ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጥፌ ትንፋሼን ይዣለሁ።

"ተቀመጡ እንጂ" ይላሉ ጋሽ ወንድይፍራው።

"የመጣንበት ጉዳይ ሳይመለስ አንቀመጥም" ይላሉ ጋሽ ተሰማ። ከዚያ የሶፋ ሲጥታ፣ ከዚያ የእትዬ ጠጂቱ ሹክሹክታ። ሶስና በኋላ እንደነገረችኝ ኦቲየኖ ተቀምጦ ኖሯል፤ በኮቱ ጎትተው አስነሡት።

"ልጅዎን ሶስናን ለልጃችን እንዲሰጡልን ነው የመጣነው።"

"የትኛው ልጃችሁ? ያ የሞተው?"

"አቶ ወንድይፍራው፣ ሞት ለማን ይቀራል። እሱ ትንሽ ቀደም አለ እንጂ።"

"እንግዲህ ስሙኝ፣" አሉ ጋሽዬ። ድምፃቸውን አውቀዋለሁ፤ የመጨረሻውን ቃል ከማውረዳቸው በፊት እንዲህ ይረጋሉ። መሪውን ጨበጥኩ። "እኔ በበኩሌ..."

በዚህ ጊዜ ስልኮች ጮኹ። የጋሽ ተሰማ፣ የእትዬ ጠጂቱ፣ የጋሽ ወንድይፍራው፣ ትራሱ ሥር ያለው የሶስናም፣ ሁሉም ባንድ ላይ። የኦቲየኖ ብቻ አልጮኸም፤ የእድር አባል አይደለም። እትዬ ጠጂቱ "ለብቻው ይሁንልኝ" ብለው አልነበር? ኦቲየኖ ቃል አክባሪ ነው፤ ለብቻው ነው የሠራው፤ ሌላ ፕሮግራም፣ ሌላ ስልክ፣ እሳቸው ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ። የሰልስቱን ሲያጠፋ ያኛውን ረስቶታል። ጋሽ ወንድይፍራው መነጽራቸውን ሲያደርጉ፣ ፊደል በፊደል ሲያነቡ ሰማሁ። የእኔ ስም፣ ከነአባቴ። ነፍሱን ይማር። አርባው ዛሬ ነው።

ከዚያም በስልኩ ውስጥ፣ ጥርት ብሎ፣ ረጅም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲሳብ መጣ።

"አዎ!" አለ ኦቲየኖ። ከ"አረፈ" ሌላ በአማርኛ የሚያውቃት ቃል እሷ ብቻ ናት፤ እሷንም ውድ ዋጋ ከፍሎ ነው የተማራት። ምንም መልእክት አልደረሰውም፣ ያየው ቅንድባቸውን፣ ዓይናቸውን፣ ትንፋሻቸውን ነው። ሄዶ የጋሽዬን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ጋሽ ተሰማ ብልህ ሰው ናቸው፤ አንዲት ቅጽበት አላባከኑም። "እግዜር ያክብርልን፣ ተሰጠን" ብለው የጋሽዬ ጉልበት ላይ ወደቁ። እትዬ ጠጂቱ ኪሊማኒ ሙሾ ያወረዱላትን እናቴን የሚክስ እልልታ አቀለጡት።

"ቆዩ፣ ቆዩ እንጂ፣" ይላሉ ጋሽ ወንድይፍራው፣ "እኔ እኮ ይሄን አይቼ ነው..."

"አይተው ምን ሆኑ?" አሉ ጋሽ ተሰማ። "ደነገጡ?"

ስማቸው በአንድ በኩል፣ ልጃቸው በሌላ በኩል። ለቅሶው ቤት ያን ንግግር ሲያደርጉ ያልነበረ ከመሐላቸው አንድም አልነበረም፤ ኦቲየኖም እንዲያውም ጽፎታል። ከዚያ የሶስና ድምፅ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ "ባቢ፣ አንተ ደንግጠህ ታውቃለህ እንዴ?"

ካርዱ እንዳያልቅ ለማን እንደምጸልይ አላውቅም፣ ስለ ካርድ የሚለመን ቅዱስ የለም።

"ተቀመጡ እንግዲህ፣" አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። "ቆማችሁ ቀራችሁ እኮ።" እዚያው ስልኩ ተቋረጠ። እኔ መኪናው ውስጥ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። የግቢው አስካሪ ሐዘን የደረሰብኝ መስሎት መስኮቴን አንኳኩቶ "ፖሌ" አለኝ።

ተጋባን። የሠርጋችን ድንኳን ኮምፒውተሩ ውስጥ እስከ ዛሬ የተመዘገበው ለሐዘን ነው፤ ኦቲየኖም መሠረቱን አፍርሶ የመሥራት ጊዜ አላገኘም፣ እኔም አላስቸኮልኩትም። ለድንኳን ተከላ የማይጠራ ባል ለትዳር ይመቻል።

አማቼ አሁን ይወዱኛል፤ ቢያንስ በስሜ ይጠሩኛል። የልጅ ልጃቸው እግር በእግር የምትከተላቸው ሆናለች። በቀደም ዕለት ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋት ደስ ብሏቸው ሳያቸው ለዓመታት በሆዴ የያዝኩትን ጥያቄ ጠየቅኋቸው።

"ጋሽዬ፣ እንግዲህ አልፏል፤ እውነቱን ይንገሩኝ። ያን ቀን አዎ ብለው ነው ወይስ ደንግጠው?"

ልጅቷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ።